ከትእዛዙ በላይ የተጻፈ ቡራኬ

ገጹ ራቁቱን ተከፈተ።

ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ብቻ። ቀለም የለም።

ባንተአምላክ ፊቱን አልቀየረም። ብቸና የሚያውቀው ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኑን ነው። ስሙም ስሙ አይደለም። እውነተኛውን የሚያውቁት አበ ልጁ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ከደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ወደ ስለላ የገቡ፣ ሥራውንም ያስተማሩት ሰው። አሁንም ከጎኑ ተቀምጠዋል።

ሞጣ ላይ «ወይራ» ትጠብቃለች። ወይራ የምስጢር ስሟ ነው፤ ሰገነት ትባላለች፣ የመሣሪያ አሻጋሪዎችን መጋዘን ቁልፍ የያዘች የውስጥ ሰው። ስልኳ ስለተጠለፈ አይደወልላትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይህን የእህል ዋጋ ድረ ገጽ ከፍታ ታያለች። አረንጓዴ ከሆነ ወደ መናኸሪያ። ቀይ ከሆነ መናኸሪያው ተይዟል፤ ከገበያተኛ ጋር በእግሯ ትውጣ። ቀለም ከሌለ ከቤት አትነቃነቅም። ካልወጣች ደግሞ ማታ ይገድሏታል።

እሱ ጠዋት ያዘዘው ቀይ ነበር።

ኔትወርኩን አየ። ይሠራል። የቀለሙ ፋይል በቦታው አለ። አድራሻውም ልክ ነው። ፋይሉን የሚጠራውን ትእዛዝ ከፈተ። ይህ ትእዛዝ ከሁሉ በላይ ካልተቀመጠ ማሽኑ ዘሎት ያልፋል።

ከላዩ ሌላ ነገር ነበር።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።»

ሳይባርኩ ፊደል የማይነኩ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አጠገቡ የተቀመጡት። ደረሰኝ እንኳ ሲጽፉ ከራስጌው ያሰፍሯታል። ከቡራኬው በታች ትእዛዙም ተለውጧል፤ የሚጠራው አረንጓዴውን ነው። ሸጠዋታል። የገዛ ቡራኬያቸው ባያሰናክላቸው ኖሮ ሰገነት በገዛ እግሯ መናኸሪያ ወደሚጠብቋት ገዳዮቿ ትሄድ ነበር።

መቆጣት ነበረበት። ቁጣውን ደረቱ ውስጥ ፈልጎ አጣው።

«ምን ሆነ አበ ልጅ?» አሉ መሪጌታ።

«ኔትወርክ ነው። እርስዎ ሻይ ቤቱ ሄደው ሻይዎን ይጠጡ፣ እኔ አየዋለሁ።»

ወጡ። ባንተአምላክ ስልኩን አንስቶ ለአለቆቹ ደወለ።

«ጣራው ያፈሳል።»

«የት ጋ?»

«ሻይ ቤቱ።»

ዘጋው። ቀዩን መለሰ። ቡራኬውን ሊሰርዝ ሲል ግን እጁ እምቢ አለው። ማሽኑ እንዳላየ በሚያልፈው የማስታወሻ ምልክት ከልሎ እዚያው ተወው። ገጹ ቀይ ሆኖ ተከፈተ።

ሰገነት ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅላ ከሞጣ ወጣች። መሪጌታን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዷቸው፤ ሻያቸውን አልጨረሱም ነበር። ልጁን ክርስትና ያነሱለት ሰው ናቸው። ይህንንም አሰበው፤ ምንም አልተሰማውም።

ሱቁን ዘግቶ በደጀን መኪና ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ስሙን ጠየቁት። ከአፉ የመጣለትን ነገራቸው። ስሙ እንዳልሆነ የሚያውቅበት ሰው ከእንግዲህ አልነበረም።