ሳታሳምሪ ንገሪኝ

«ምን ትጠብቂያለሽ? ቁጥሩን ንገሪው እንጂ!» አላት አባቷ የቼክ ደብተሩን ወደ እሷ እየገፋ።

ኤልሻዳይ የስልኩን መነጋገሪያ በመዳፏ ሸፈነችው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ሚስተር ዳልተን የሚባል ዕዳ ሰብሳቢ ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን አሁኑኑ ከነገሩት ስድስት መቶ ዶላሩን ራሱ ከሒሳቡ ላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ዕዳውን ከአባቷ የብድር ታሪክ መዝገብ፣ ከክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ያሰርዛል። እሱ እንዲህ ነው ያለው።

ዕዳው የመጣው በደግነት ነው። ሐብተማርያም የሚባል የአባቷ የሰፈር ልጅ በዲቪ ሚኒያፖሊስ ሲገባ፣ አዲስ መጪ ክሬዲት የለውምና አባቷ ሳህሉ ሞባይል በራሱ ስም አወጣለት። እዚህ አገር ሁሉም ለወገኑ የሚያደርገው ነገር ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ቴክሳስ ገባ፤ ቢሉን ለሳህሉ ተወለት። ሳህሉ ይህን የሰማው ሪችፊልድ ያለችውን ትንሽ ቤት ለመግዛት ባንክ የሄደ ዕለት ነበር።

«ይህ ነገር ከሪፖርቱ ላይ ካልጠፋ ብድሩ አያልፍም» አለች የባንኳ ሴትዮ። «ግን ተጠንቀቁ። እንደሚያጠፉት በጽሑፍ ሳትይዙ አትክፈሉ። የባንክ ቁጥራችሁንም በስልክ አትስጡ፤ መኒ ኦርደር ገዝታችሁ በእሱ ክፈሉ።» ያን ቀንም የተረጎመችው ኤልሻዳይ ነበረች።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ ደብዳቤ ያዙ ብላ የለ?»

«እሱማ ለሌባ ነው። ይሄ ሰውዬ ጨዋ ነው። ስንቴ ደወለልን፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶታል? ጨዋ ሰው ቃሉን ከሰጠ በኋላ ደግሞ ፈርምልኝ ይባላል እንዴ? ነውር ነው።»

ጨዋ! ኤልሻዳይ ፊቷ ጋለ። ሰውዬውን ጨዋ ያደረገችው እሷ ራሷ ናት። መጀመሪያ የደወለ ዕለት፣ «ለአባትሽ ንገሪው፣ ዕዳውን መክፈል ካልፈለገ ወደ መጣበት ይመለስ» ነበር ያለው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ለአባቷ በየትኛው አፏ ትናገር? «ጌታዬ፣ እባክዎ ቶሎ ቢከፍሉን ደስ ይለናል ይላል» ብላ አለፈችው። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ሰውዬው ሲጮህ እሷ ስታለዝብ፣ ይኸው ሚስተር ዳልተን በአባቷ ዘንድ ከሰፈር ሽማግሌ የማይተናነስ ሰው ሆኖ አረፈው።

«ሄሎ? ቀኑን ሙሉ ስጠብቅሽ ልዋል?» ይላል ስልኩ።

አንድ መላ መጣላት። ከቁጥሩ መሀል አንዷን ለውጣ ብትነግረውስ? ማን ያውቅባታል? ገንዘቡ አይወጣም፤ አባቷም አይቀየማትም። ግን ሰውዬው ነገ መልሶ ይደውላል፣ እሷም መልሳ ትዋሻለች፤ አንድ ቀን አባቷ ራሱ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነብለታል። እናቷ እህተማርያም በአረጋውያን መጦሪያው ሁለት ሺፍት እየሠራች ለቤቱ ያጠራቀመችው ሁሉ ያለው እዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው።

«ዋን ሚኒት» አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ሰውዬው ጨዋ አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ ነኝ ጨዋ ያስመሰልኩት። እሱ ሲሳደብ እኔ ‹እባክዎ› እያልኩ ነው የነገርኩህ። አንድም ቀን ‹እባክዎ› ብሎ አያውቅም። ‹ወደ መጣህበት ተመለስ› ነው ያለህ።»

ሳህሉ የቼክ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«አባቴ ነሃ! እንዴት ብዬ ነው እንደዛ የምልህ?» እንባዋ መጣ።

በጣም ተናዷል፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሱም የለየለት አይመስልም። የቼክ ደብተሩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ከአሁን በኋላ ሳታሳምሪ ንገሪኝ። እኔ የምለውንም ሳታሳምሪ ንገሪው። እሺ?»

«እሺ።»

«በለው፦ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ግን ከሪፖርቱ ላይ እንደሚያሰርዘው በድርጅቱ ወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ በምሠራበት ሆቴል ፋክስ ይላክልኝ። ከዚያ መኒ ኦርደር እልክለታለሁ። የባንክ ቁጥር ግን አልሰጥም።»

እንዳለው ነገረችው፤ የሆቴሉን ፋክስ ቁጥርም ሰጠችው። ሚስተር ዳልተን ሳቀ፤ ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። ኤልሻዳይ ወደ አባቷ ዞረች።

«ደብዳቤ ብሎ ነገር የለም ይላል። ዛሬ ካልከፈልክ ይሄን ዕዳ ለዓመታት ተሸክመኸው ትኖራለህ ይላል። ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?»

«ደደብ ነህ ይላል።»

ለአባቷ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ አንገቷን ደፋች። ሳህሉ ግን አልጮኸም። እንዲያውም ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት መሰለ።

«አሁን ሰውዬውን አወቅሁት» አለ። «ደህና ዋል በለውና ዝጊው።»

«ቤቱስ?»

«ዝጊው ኤልሹ።»

ዘጋችው። ያን ሳምንት ቤታቸው ውስጥ ስለ ሪችፊልድ የሚያወራ ጠፋ። እህተማርያም ስልክ በጮኸ ቁጥር ከምትሠራው ቀና ትላለች። ቤቱን የሚሸጥላቸው ሰው እስከ ሰኞ ነው የምጠብቃችሁ ብሏል።

ሐሙስ ዕለት ሳህሉ የሆቴሉን ሹፌር ጃኬት እንደለበሰ፣ የታጠፈ ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ። «ላከው! ያ ባለጌ ላከው!» እህተማርያም እልል አለች። የሳህሉ እንግሊዝኛ ተሳፋሪ ለማስተናገድ አይቸግረውም፤ የስልክ ክርክርና የሕግ ወረቀት ሲሆን ግን ልጁን ይጠራል።

ኤልሻዳይ ቆማ አነበበችው። የድርጅቱ ስም አለ፤ ፊርማ አለ፤ የገንዘቡ መጠን አለ። ሁለተኛ አነበበችው። ወላጆቿ ፊት ለፊቷ ቆመው ፈገግ ብለዋል። እናቷን እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ስንት ጊዜዋ ነው? «አዎ፣ ሁሉም ደህና ነው» ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር!

«አባዬ» አለች። «ገንዘቡ ሲደርሰን ‹ተከፍሏል› ብለን እናስመዘግባለን ነው የሚለው። እናሰርዛለን አይልም።»

የእህተማርያም ፈገግታ ጠፋ። «ታዲያ ተከፍሏል ካለ አይበቃም?»

«አይበቃም፣ እማዬ። የባንኳ ሴትዮ ካልጠፋ ብድሩ አያልፍም ነው ያለችው። በዚህ ወረቀት ከከፈልን ገንዘቡም ይሄዳል፣ ዕዳውም ሪፖርቱ ላይ ይቀራል።»

«ሰኞ እኮ ነው ቀጠሮው» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

ሳህሉ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ወረቀቱን ከልጁ ተቀብሎ አየው፤ መልሶ ሰጣት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። ኤልሻዳይ ደብዳቤው ግርጌ ያለውን ቁጥር ደወለች። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ሚስተር ዳልተን፣ የሳህሉ ልጅ ነኝ። የላኩትን አንብበነዋል። እንደገና ይጻፉት።»