የአወዳደቅ መምህርቷ

ፋንታነሽ በየሐሙሱ የተማሪዎቿን አወዳደቅ ትወድቃለች። ሥራዋ ነው። ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው በአዲስ ጮራ ከተማ የሚወለድ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ ሲሮጥ ይንሳፈፋል፣ ሲዘል ከጣሪያ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ የነካቸውን ነገር የሚያስታውስ ቱታ ይለብሳሉ። መምህርቷ ደግሞ «አስተጋቢ» የሚባለውን ባለቆብ ሰደርያ ታጠልቅና ቱታው በሳምንቱ የቀመሰውን ግጭት ሁሉ በራሷ ገላ ላይ ታስደግመዋለች። ማን በግራ ጎኑ እንደሚያርፍ፣ ማን እጁን መዘርጋት እንደሚረሳ የምታውቀው በዚህ ነው። ከዚያ ታርማቸዋለች።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተራዋ የደረሰው የመጨረሻዋ ልጅ ሶስና ነበረች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ወደ ፋንታነሽ ክፍል ከገባች ገና ሳምንቷ ነው። ፋንታነሽ የቱታዋን ገመድ ከሰደርያው ጋር አገናኝታ ዐይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የመጣው ቀላል ነው፤ ጉልበት በር ነካ፣ ክርን ጠረጴዛ ነካ። የቀጠለው ግን ከነወንበሯ ገልብጦ ጣላት።

ጎኗ ላይ ነው ያረፈው። የጫማ ጫፍ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ትንፋሿ ቀጥ አለ። ትንሽ ፋታ ሆነ። ደግሞ እዚያው ጎኗ ላይ። ደግሞ ፋታ። ከዚያ አንድ እጅ ማጅራቷን ጨምድዶ ግንባሯን ከብረት ጋር አላተመው፤ ደጋገመው፤ ፋንታነሽ ሰደርያውን ቦጭቃ እስክትጥለው ድረስ አላቆመም። ምላሷን ነክሳው አፏ በደም ተሞላ። አስተጋቢው የሚያሳልፈው ደግሞ የምቱን ሩብ ብቻ ነው።

ግጭቶቹ የሚመዘገቡበት ሰሌዳ ላይ ግን ዘብ «መውደቅ» ብሎ ጽፏል።

ዘብ የልጆቹን ቱታ የሚከታተል አሳቢ ኮምፒውተር ነው፤ ልጅ ሲመታ ለጥበቃ ጣቢያ ያመለክታል። የከተማዋ ሕግ፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ ሁሉ ጥርጣሬ ካደረበት ማስረጃ ሳይጠብቅ ያመልክት ይላል። ዘብ ከመጣ ወዲህ ግን ሰዉ ግዴታውን ለማሽን አስረክቦ እፎይ ብሏል።

ዘብ ተበላሽቷል ማለት ነው ብላ አሰበች ፋንታነሽ። ጨረቃ ላይ ሰው ሲወድቅ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ክብደቱ የምድሩ አንድ ስድስተኛ ነው። ልጅ እዚህ ከግድግዳ ጋር ይጋጭ ይሆናል እንጂ ወድቆ ጎኑን አይሰብርም። «ወድቆ ነው» የሚለውን ሰበብ ትልልቆቹ ከምድር ከዕቃቸው ጋር ጭነው ነው ያመጡት። ደግሞስ በየመሃሉ ቆም ብሎ ትንፋሽ የሚሰበስብ ምን ዓይነት መውደቅ ነው?

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለቻት።

ሶስና አንገቷን ደፋች። «ብናገርስ ምን ይሆናል፣ ቲቸር?»

የፋንታነሽን አንጀት የበላው ይሄ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ተስፋ የቆረጠ ትልቅ ሰው ነበር የምትመስለው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ልዑልሰገድ ሲጠሩ ወዲያው መጡ። ሰሌዳውን አዩ፣ የፋንታነሽን ደም አዩ፣ ሶስናን ግን አላዩም።

«ፋንታዬ፣ ረጋ በይ። ዘብ ወደቀች ካለ ወደቀች ነው።»

«ጋሼ፣ ልጅቷ ተረግጣለች! እዚህ ጎኔ ላይ አለ!»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቷን ታውቂዋለሽ አይደል? ኢንጂነር ደረሰ ነው። የአየር ፋብሪካው በእሱ እጅ ነው። እሱ ቢታሰር ምን ልንተነፍስ ነው? ሽማግሌ እንልክበታለን፤ ይመከራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ነገሩ በቤት ያልቃል።»

«ዛሬስ? ዛሬ የት ነው የምታድረው?»

«ቤቷ ነዋ!»

ይህን ብለው አባትየውን ሊያለዝቡ ወጡ፤ ልጅ መውሰጃ ሰዓት ደርሶ ነበርና። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያ ትውልድ ነገር አለዝቦ ማለፍን እንደ ደግነት ይቆጥረዋል፤ በዚህ ደግነት ስንት ልጅ እንደተጎዳ እግዜር ይቁጠረው። በሩ ከመዘጋቱ፣ «ደረሰ ወንድሜ፣ መምህርቷ ትንሽ ተደናግጣ ነው እንጂ…» ሲሉ ተሰማ።

ፋንታነሽ በሩን ቀረቀረች። ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ለዓመታት ማንም ያልነካውን የጥበቃ ጣቢያ መጥሪያ መስመር በመዳፏ ተጫነች። መዳፍ ሲነሳ መስመሩ ይቋረጣል።

የመጀመሪያው ርግጫ በሩን አጎበጠው፤ ሁለተኛው ገነጠለው። ደረሰ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያደርጉትን፣ ከወለል ጋር የሚጣበቀውን ማግኔት ጫማ አድርጓል። ሌላው ሰው በሚንሳፈፍበት ዓለም እሱ መሬት ላይ ተተክሎ ይመታል። ዐይኑ ደም ለብሷል።

«ልጄን ስጪኝ!»

«ፋንታነሽ እባላለሁ፣ የአወዳደቅ መምህርት ነኝ» አለች ወደ ግድግዳው። «ሶስና ደረሰን አባቷ ይደበድባታል ብዬ…»

ቡጢው መንጋጋዋ ላይ አረፈ። ሰውነቷ ተስፈንጥሮ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ቀስ እያለች ስትወርድ እግሯን ጎትቶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። አንድ ነገር ሲሰበር ሰማች፤ ክንዷ ነው። በደህናው እጇ ተንፏቃ መስመሩን መልሳ ተጫነች። ጣቶቿን በጫማው ረገጣቸው። አላነሳችም።

«ይደበድባታል ብዬ… እጠረጥራለሁ» አለች፤ ቃሉ ከደምና ከጥርስ ስባሪ ጋር ወጣ። «ቶሎ ድረሱ። አሁን።»

ሶስና ዘላ ከጣሪያው ሥር ባለው የአየር ቧንቧ ላይ ተጣብቃ ታያለች። አቶ ልዑልሰገድ በተገነጠለው በር ቆመው «ኧረ በፈጠራችሁ! ኧረ ደረሰ!» ይላሉ፤ ንቅንቅ ግን አላሉም። ደረሰ ፋንታነሽን ጎኗ ላይ ረገጣት። ቆም ብሎ ትንፋሽ ሰበሰበ። ደግሞ ረገጣት። ያንን ፋታ አወቀችው። እንደ እብድ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ጠባቂዎቹ ደርሰው በኤሌክትሪክ መረብ ሲጥሉት እንኳ እግሩ ይወራጭ ነበር።

ከቀናት በኋላ ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ፋንታነሽ መናገር ስትችል፣ ኢብሳ የተባለ የጥበቃ ጣቢያው ቴክኒሻን አልጋዋ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። አየሩ ለደቂቃ እንኳ አልተቋረጠም፤ ፋብሪካውን የደረሰ ምክትል ይዞታል።

«ዘብን ፈትተን አየነው» አለ። «ምንም አልሆነም።»

«እንዴት ምንም?»

«መጀመሪያ በትክክል አመልክቶ ነበር፣ ልጅቷ ወደ አንቺ ክፍል ከመምጣቷ በፊት። ካመለከተ በኋላ በልጅቷ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች መጠየቅ አለበት። ሐኪሙን ጠየቀ፣ ጎረቤቶቿን ጠየቀ፣ ርዕሰ መምህሩን ጠየቀ። ሁሉም ወድቃ ነው አሉት፤ እኛም መዝገቡን ዘጋነው። ደግሞ አመለከተ፤ ደግሞ ወድቃ ነው አሉት። ከሰው ነው የሚማረው እንግዲህ። እንዲህ ያለውን ርግጫ እኛ መውደቅ እንደምንለው ተማረ።»

«እሷንስ? እሷን አልጠየቃትም?»

ኢብሳ አቀረቀረ። «ጠይቋታል። አባዬ ነው የመታኝ ብላዋለች። ግን ያለው የአንዲት ልጅ ቃል ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው። አመዛዘነና ለትልልቆቹ አደላ። ምን ብለን እናርመው?»

ፋንታነሽ ማሽን መቼም ቢሆን እንደ ሰው አይሆንም ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ሆነ እንግዲህ። አፈረች፤ በማሽኑ ሳይሆን በወገኖቿ።

ኢብሳ ሲወጣ ተደግፋ ተነሣችና ሶስና ወደተኛችበት ክፍል ሄደች። የልጅቷ ጎን በፋሻ ታስሯል። ፋንታነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሶስናዬ፣ ከእንግዲህ ማንም ቢነካሽ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። እሺ?»

«እሺ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች።

«ቲቸር።»

«ወዬ፣ የኔ እናት።»

«ያኔም ተናግሬ ነበር እኮ።»