«ሌላ የለም?»

«ቤቶች!»

አገኘሽ ድምፁን ስትሰማ የምታጥበው ጆግ ከእጇ ሾልኮ ወደቀ። ፕላስቲክ ስለሆነ አልተሰበረም። የሕዝብ ቆጠራው ቤታቸው ደርሷል።

እናቷ ወለቴ ጠዋት ሙዟን አዝላ ወደ ሲቀላ ገበያ ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አስጠንቅቃታለች። ወለቴ ከካምባ መጥታ አማርኛን የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው፤ ስትናገር ወንድና ሴቱን መለየት ላይ ብዙም አትጨነቅም።

«ቆጣሪው ስትመጣ ሁለት ነን በይ። እኔና አንቺ። አለቀ።»

«ለምን አንቺ ራስሽ ቆይተሽ አትነግሪውም?»

«እኔ? ልጄን በአፌ የለም ልበል? ጎሜ ነው።»

ጎሜ በጋሞ የተከለከለን ነገር መድፈር ነው። የደፈረ ሰው ይታመማል፣ ከብቱ ያልቃል፣ ዝናቡም ይቀርበታል። ያለን ሰው የለም ማለት ደግሞ፣ ወለቴ እንደምትለው፣ ከሁሉም የከፋው ነው። «አንቺ ግን ልጅ ነሽ» አለቻት ሸክሟን እያስተካከለች፤ «አይቆጠርብሽም።»

አገኘሽ አስራ አራት ዓመቷ ነው። እንጨት ሲለቀም ትልቅ ናት፣ ውሃ ሲቀዳ ትልቅ ናት፤ ጎሜ ሲመጣ ልጅ ሆነች።

የለም እንድትለው የታዘዘችው ታላቅ ወንድሟን ኤርጫፎን ነው። ኤርጫፎ ጓሮ፣ የሙዙ ተክል ውስጥ ተደብቋል። በራቸው ላይ የቆጠራው ቁጥር በጠመኔ ከተጻፈ ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰም። ወለቴ ቁጥሩን በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ብታጠፋውም በማግስቱ ተመልሶ ተጻፈ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። በደርግ ጊዜ፣ አገኘሽ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ሳለች፣ እንዲሁ ሰው ሊቆጥር አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ ነበር። «ለስኳር ራሽን ነው፤ ሰው ከበዛ ስኳሩም ይበዛል» አላት። ከረሜላ ሰጣትና እንደ ዋዛ «ሌላ የለም?» ሲል ጠየቀ። እሷም ከረሜላውን ጉንጯ ውስጥ እንደወተፈች «ኤርጫፎ አለ፤ ጓሮ ነው» አለችው። በማግስቱ ታጣቂዎች መጥተው ወንድሟን ለጦርነት ወሰዱት።

ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ተመለሰ፤ የመጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ሲቀላ አይወርድም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። ያን ቀን አገኘሽ ያወጣችውን ቃል ማንም አንስቶባት አያውቅም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከረሜላ አፏ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

«ቤቶች! ሰው የለም?»

ስትወጣ ደጃፉ ላይ የቆመው የሳይንስ መምህሯ ፈቃደ ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋው መምህራኑ ቆጣሪ ስለሆኑ ነበር።

«አገኘሽ! የእናንተ ቤት ነው እንዴ? በርጩማ ካለሽ አምጪልኝማ፤ እግሬ አለቀ።»

አመጣችለት። ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«በቆጠራው ሌሊት እዚህ ቤት ያደረ ሰው፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ሁሉንም ንገሪኝ።»

«እናቴ አለች። እኔ አለሁ።»

ጻፈ። ከዚያ ቀና እንኳ ሳይል «ሌላ የለም?» አለ።

ያው ቃል። አገኘሽ መቃኑን ያዘች። «የለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ጎሜው ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። «አለ» ብትል ደግሞ ያ ቀን ተመልሶ ሊመጣ ነው።

«ቲቸር፣ ቆጠራው ለምንድን ነው?»

«ለልማት ነዋ። ስንት ሰው እንዳለን ካላወቅን ስንት ክፍል፣ ስንት የውሃ ቦኖ እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል?»

«ያኛውም ለስኳር ነው ብሎ ነበር።»

መምህሩ እርሳሱን አቆመ። ያኛው ማን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህን አይጠይቅም።

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «የነገሩኝን ነው የነገርኩሽ። ነገ ሌላ ሰው ምን እንደሚያደርግበት ልምልልሽ አልችልም። ያልሽኝን ግን እንዳልሽው እጽፋለሁ።»

ይምልልኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አለመማሉ የባሰ አስፈራት።

«አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ወደ ጓሮ ሄደች።

ኤርጫፎ ሙዙ መሀል በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ዳር ቁጢጥ ብሏል። እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሯቸዋል።

«ሄደ?»

«አልሄደም። ሁለት ነን በይ ተብያለሁ።»

«ታዲያ በያ።»

«አንተስ?»

«እኔ አለመኖር ለምጃለሁ» አለ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም።

«ኤርጫፎ፣ ያን ቀን እኔ...» ብላ መጨረስ አቃታት።

«ሰምቼሻለሁ። ሰውየው ሲጠይቅሽ እዚሁ ነበርኩ። ታጣቂዎቹ እስኪመጡ ድረስ ለማምለጥ ጊዜ ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን አላመለጥክም?»

«ብጠፋ እማዬን ያስሯት ነበራ። በራሴ ፈቃድ ነው የቀረሁት። አንቺ ከረሜላሽን ነው የበላሽው።»

አገኘሽ እንባዋ መጣ። አምስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ነገር ይህን ያህል አጭር መልስ እንደነበረው አላወቀችም። ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ስምህን አልነግረውም» አለችው። «ሁለት ነንም አልልም። በቦዩ በኩል ከሄድክ ማንም አያይህም። መምጣት ከፈለግክም ራስህ ና። ስምህን የምትናገረው አንተ ነህ።»

ኤርጫፎ ወደ ቦዩ ውሃ እያየ ቀረ።

ስትመለስ መምህሩ ካለበት አልተነሳም።

«ሁለት ልበል?» አለ በቀስታ።

«አይበሉ። ትንሽ ይጠብቁ።»

ፈቃደ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሙዙን ተመለከተ። ከዚያ ምላጭ አውጥቶ፣ የሾለውን እርሳሱን እንደገና ይቀርጽ ጀመር።

አገኘሽ ገብታ ሁለተኛውን በርጩማ አወጣችና ከመምህሩ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። አቧራውን ለወንድሟ በመዳፏ ጠረገችለትና፣ እሷ ደፉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ወደ ሙዙ ላከች።