በሸዋቀና ጣት መብላት

የኮምቦልቻ ሰው ጠዋት ጫማውን አጥልቆ የሰው ሠራሽ እጁን ጣት ይመርጣል፤ ለሥራ ሻካራውን፣ ለበዓል ለስላሳውን። በገበያ ሚዛን ቢሮ ተቆጣጣሪ የሆነችው ምንትዋብ ዛሬ ሰው ሠራሽ እጇ ላይ የገጠመችው ጣት ሠሪው አቶ ሸዋቀና የሠራቸውን የጣት ጫፎች ነበር።

እጁን የሚያመርተው እጅጌ የተባለው ኩባንያ ነው፤ እጁን ከነርቭ የሚያስተሳስረውን ቺፕ፣ «አገናኝ»ንም እንዲሁ። ሕጉ ኩባንያውን የማንኛውንም ባለሙያ ጣት እኩል ተቀበል ይለዋል። ይቀበላል። ሆኖም ደንበኞቹ ሁሉ ጣቱን እየመለሱበት ሸዋቀና ሱቁን ሊዘጋ ነው። የኩባንያው ጠበቃ «የሰውዬው ሥራ ቆሻሻ ነው» ብሎ ጽፏል።

ጣቱ የመጨበጥም የሙቀትም ፈተና አለፈ። ምንትዋብ የሸዋቀናን አቤቱታ መዝገብ ልትዘጋ ስትል ምሳ ደረሰ። ጣቱን ሳታወልቅ እንጀራ በሽሮ ጠቀለለች። አፏ ጋ ሲደርስ አቅለሸለሻት፤ የሞተ አይጥ የነካች መሰላት።

አራት ጊዜ ታጠበች። በእጅጌ ጣት ስትሞክረው ምንም የለም። አገናኙን ስትመረምር፣ ሌላ ሰው የሠራው ጣት ወደ አፍ በቀረበ ቁጥር ወደ አንጎል የሚላክ የማቅለሽለሽ ምልክት አገኘች። ቢሮው አሥር ዓመት ጣት ሲፈትን በጣት በልቶ አያውቅም። እጅጌዎች ግን ከገበታ ያባረሩትን ከገበያ ማባረር እንደማያስፈልግ ገብቷቸዋል። ይህ ብልጠታቸው ከማቅለሽለሹ ይልቅ አስጠላት።

በሦስተኛው ቀን ምልክቱ በትእዛዟ ከከተማው እጆች ሁሉ ጠፋ። ልትነግረው ሱቁ ስትሄድ ሸዋቀና ምሳ ላይ ነበር፤ የሚበላው በእጅጌ ጣት ነው።

«እርስዎም?» አለችው።

«ምን ላድርግ ልጄ? የገዛ ሥራዬ ሲቀፈኝ ሙያዬ ሞተ ብዬ ነው። ባለቤቴም ከገበታ ተነሣችብኝ።»

የራሱን ጣት ገጥሞ ቆርሶ ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ያው ነው» አለ።

«ምልክቱ እኮ ጠፍቷል!»

«ከማሽኑማ ጠፋ። እኔ ተምሬዋለሁ።»

ለዚህ የሚሆን የሕግ አንቀጽ አልነበራትም። ሸዋቀና ጠቅልሎ ዘረጋላት፤ «እስቲ አንቺ።»

ጎረሰች። ቀፈፋት። ይኸኛውን ማንም አልላከባትም፤ የራሷ ነበር። ታግላ ዋጠችው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ሁለተኛውን ጠቀለለ።

አፏን ከፈተች።