አሸክሚኝ

ፍቅርተ መስመሩን አልፋ ከቆመች በኋላ ሁሉም እሷን ሲያይ፣ እሷ የመጣችበትን መንገድ ታያለች። ሙና አልመጣችም። የክፍሏ ልጆች ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ዛሬስ በረርሽ ይሏታል፤ አንዷ ውኃ አቀበለቻት፣ ሌላዋ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ እሺ አላላትም። ሙና ለምን እንደዘገየች ከእሷ በቀር እዚያ ሜዳ ላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በመጨረሻ ሙና ከባሕር ዛፉ ኋላ ብቅ አለች። ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ የቱታዋ ትከሻ አቧራ ለብሷል። መምህር ይሻው ሰዓታቸውን አይተው ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ከፍቅርተ ሁለት ደቂቃ ዘግይታለች። ሁለቱ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ሲሮጡ ፍቅርተ ሙናን ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ሃያ ሰከንድ እንኳ በልጣት አታውቅም።

ይህን ሩጫ የፈጠሩት እኚሁ የስፖርት መምህር ናቸው። ባለፈው ክረምት እህታቸው ቤት ቴሌቪዥን ሲያዩ የፈረንጅ ልጆች እግራቸው ላይ ረጃጅም ጣውላ አስረው በበረዶ ላይ ይሮጣሉ። ሰዎቹ አንድ ቀን ሮጠው አያበቁም። ዛሬ ይሮጣሉ፣ ነገም ይሮጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ይሮጣሉ፤ የየቀኑ ሰዓት ይደመራል። በመጨረሻው ቀን እስከዚያ የመራው ብቻውን ቀድሞ ይነሳል፤ የተበለጠው ደግሞ በተበለጠበት ሰከንድ ልክ ቆሞ ይጠብቅና ያሳድደዋል። አቀበቱ ጫፍ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። መምህር ይሻው ይህንን ለክፍሉ ሲያወሩ ተማሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ በረዶውን ከየት ልናመጣው ነው ያለም ነበር። እሳቸው ግን በረዶ ባይኖረን አቀበት አለን፣ አቀበት ደግሞ ደብረ ታቦር ሞልቶ ተርፏል ብለው በዚያው ሳምንት ምዝገባ ጀመሩ። ስሙን «የሦስት ቀን ሩጫ» አሉት። ተማሪው ግን «በረዶው» ብሎት ቀረ።

የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ሕጉም እየተሮጠ ነበር የሚጻፈው። በመጀመሪያው ቀን ሞላ የሚባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከብት መንገድ ዘግቶበት ቆመ። ሰዓቴ ይመለስልኝ ሲል የሞላ አጎቶች፣ የሞላ ጎረቤቶች፣ ከብቱን በዓይናቸው ያላዩት ሳይቀሩ «እኛ አይተናል» ብለው ሜዳውን አናወጡት። ኮሚቴው፣ ማለትም መምህር ይሻውና ሁለት መምህራን፣ ደብተሩ ላይ ተደፍተው ተመካከሩና አንድ ሕግ ጻፉ፦ የተመልካች ምስክር አይሠራም፤ ያየ ተወዳዳሪ ካለ ግን ሰዓቱ ይመለሳል። ያኔ ሩጫውን ይመራ የነበረው ጌጡ እጁን አወጣ። አዎ፣ ከብቱን አይቻለሁ አለ። ለሞላ ሠላሳ ሰከንድ ተመለሰለት፤ ጌጡም በዚያው መሪነቱን አጣ። ፍቅርተ ያን ቀን ለጌጡ ካጨበጨቡት አንዷ ነበረች።

ከሴቶች አንደኛ የምትወጣው ለክልሉ የትምህርት ቤቶች የሯጮች ምርጫ ባሕር ዳር ትሄዳለች። አንድ ሴት ብቻ። ፍቅርተ ለዘመድ ሠርግ ይፋግ ድረስ ሄዳ ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር በወሬ ነው የምታውቀው። ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ስለ ባሕር ዳር ሳታስብ የተኛችበት ቀን አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ሙና በሃያ ሰከንድ ስትቀድማት አንጀቷ እርር ብሎ ነው የዋለው።

በሁለተኛው ቀን መንገዱ ከጋፋት ተነስቶ በእርሻው መሃል በእግር መንገዱ ይዞር ነበር። ሁለቱ ከሌሎቹ ተነጥለው ወጡ፤ ፍቅርተ ከፊት፣ ሙና ሃያ ሠላሳ እርምጃ ከኋላ። ፍቅርተ ወንዙን ተሻግራ መታጠፊያውን ስታልፍ ጎረቤታቸው እትዬ ዓለሚቱ መንገድ ዳር ቆመዋል። ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስዱትን ግማሽ ማዳበሪያ ገብስ ለዕረፍት ድንጋይ ላይ አውርደውት፣ መልሰው ብቻቸውን መሸከም አቅቷቸዋል።

«ፍቅርተ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ አሸክሚኝ» አሉ።

አሸክሚኝ የተባለ ሰው በዚያ አገር ልቁም አልቁም ብሎ አያስብም። ይቆማል፣ ከሥር ደግፎ ያነሳል፣ ተመርቆ መንገዱን ይቀጥላል። ለቅሶ የሚሄድም፣ የተጣላም ይቆማል። ፍቅርተ ራሷ ውኃ ስትቀዳ ስንቱን ሰው አሸክሙኝ ብላለች፤ ጥሏት ያለፈ አልነበረም። አሁን ግን አንገቷን መለስ አድርጋ አየቻቸው፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ እግሯም አልቆመ። ያኔ የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ ሙና ከኋላ እየመጣች ነው፤ ሙና ደግሞ መቆሟ አይቀርም።

አሁን ሙና ትንፋሿ እስኪመለስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየችና ለመምህር ይሻው ነገረቻቸው። አንዲት እናት አሸክሚኝ አሏት። ስታነሳላቸው ገመዱ ተፈታ፤ እንደገና አስራ አነሳችላቸው። ያንን ያህል የቆየች አልመሰላትም ነበር። ስትናገር ቅሬታ አልነበራትም፤ ስለ ተጠየቀች ነው የነገረችው። መምህር ይሻው ሕጉን አስታወሷትና ወደ ፍቅርተ ዞሩ።

«ከፊቷ የነበርሽው አንቺ ነሽ። የምትላቸውን ሴት አይተሻል?»

ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። አዎ ብትል ሁለቱ ደቂቃዎች ለሙና ይመለሳሉ፤ ሙና በሃያ ሰከንድ ትመራለች። አዎ ብትል ደግሞ፣ አይታ ለምን እንዳለፈች ይህ ሁሉ ሰው ይጠይቃታል። የቱ ይበልጥ እንዳስፈራት አላወቀችም።

«አላየሁም፣ ቲቸር። እኔ ሳልፍ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።»

ሙና ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የጓደኛዋን ቃል ራሷ ልታስተካክልላት ሞከረች፤ ምናልባት ሴትዮዋ የመጡት ፍቅርተ ካለፈች በኋላ ይሆናል አለች። መምህር ይሻው ደብተሩን ዘጉ። ሁለቱ ቀን ሲደመር ፍቅርተ በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ትመራለች። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ሙናም አጨበጨበች፤ ፍቅርተ ያንን ጭብጨባ ለይታ ሰማችው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ድንች ስትልጥ እናቷ ዝናሽ የነገውን ቱታ አጥባ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ደስታዋ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ላይ ማን ዘመድ እንዳላቸው፣ ልጅቷ የት እንደምታድር ከወዲሁ ታሰላለች። በዚህ መሃል እትዬ ዓለሚቱ ዱቄታቸውን ተሸክመው ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ በራቸው ላይ ቆሙ። ዝናሽ ወጥታ አወረደችላቸው። ፍቅርተ ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች።

እትዬ ዓለሚቱ ጠዋት የሆነውን አወሩ። የጨርቅ ነጋዴው የከማል ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ሩጫዋን ትታ እንዳሸከመቻቸው፣ ገመዱንም አጥብቃ እንዳሰረችላቸው ለዝናሽ ነገሯትና ልጅቷን መረቋት። ዝናሽም ልጅቷ ድሮም ጨዋ ናት አለች። ከዚያ እትዬ ዓለሚቱ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ጨመሩ።

«ፍቅርተንም ተጣርቼ ነበር። ነፋሱ ነው መሰለኝ፣ አልሰማችኝም።»

«ብትሰማ ኖሮማ የእኔ ልጅ እርስዎን ጥላ አታልፍም» አለች ዝናሽ።

«አታልፍም» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

ጠዋት ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አልነበረም። እትዬ ዓለሚቱም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ቢሰድቧት፣ ለእናቷ ቢከሷት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ተናዳ መልስ ትሰጥ ነበር። እሳቸው ግን በሰው ፊት ሸፈኗት። ፍቅርተ ከድንቹ ላይ ዓይኗን ማንሳት አቃታት። ማፈር ማለት ምን እንደሆነ የምታውቅ ይመስላት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ተሳስቶ መሳቂያ መሆን፣ የተቀደደ ጫማ አድርጎ መሄድ። ያ ሁሉ ጨዋታ ነው። ሳይመሽ የእናቷን ስልክ ወስዳ የሙናን ቁጥር አወጣች፣ ቆየች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ምን ብላ ትጀምር?

በሦስተኛው ቀን ከአቀበቱ ሥር ሰው ሞልቷል። የዝናሽ ነጭ ነጠላ ከፊት ይታያል፤ አጠገቧ እትዬ ዓለሚቱ አሉ። ስድስቱ ሴቶች በየተራቸው ተሰለፉ። መምህር ይሻው አነሳሱን እንደገና አስረዱ፤ ፍቅርተ ትነሳለች፣ ከአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በኋላ ሙና ትከተላለች። ሰዉ እንዲህ ያለ ሩጫ አይቶ አያውቅምና አንዱ ለሌላው ያብራራል። ያቺ ይቀድሙኛል ብላ ሳይሆን ስለቀደመች ነው ቀድማ የምትሄደው፣ ሲባል ፍቅርተ ሰማች። ሙና ጠጋ ብላ አቀበቱ መጀመሪያ ላይ ጉልበትሽን አትጨርሺ አለቻት። ሁልጊዜ የምትላት ነገር ነው።

ፉጨቱ ተነፋ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሙሉ የእሷ ብቻ። ሰዉ ጮኸ። ፍቅርተ አልሄደችም።

ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። መምህር ይሻው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ። አመመሽ እንዴ ብለው ጠየቋት። ሂጂ እንጂ፣ ሰከንዱ እየሄደ ነው አሏት። ቃሉ ሲወጣ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

«ቲቸር፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። እትዬ ዓለሚቱ በስሜ ነው የጠሩኝ። አይቻቸዋለሁ፣ ሰምቻቸዋለሁም።»

ዝናሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቀረች። እትዬ ዓለሚቱ መሬት መሬቱን አዩ። ሦስቱ መምህራን ደብተሩ ላይ ተደፉ፤ አንደኛው ትውጣ አለ። መምህር ይሻው ግን ለውሸት የጻፍነው ሕግ የለም፣ ለከርሞ ይጻፋል፣ ለዛሬ ትሩጥ አሉ። ለሙና ሁለት ደቂቃ ተመለሰላት። ሙና ትነሳለች፤ ፍቅርተ ከሃያ ሰከንድ በኋላ።

ቦታ ሲቀያየሩ ሙና ቆመች። አልተቆጣችም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር ፊቷ።

«ሰምተሻቸው ነበር?»

«ሰምቻቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

ፍቅርተ አላውቅም ልትል ትችል ነበር። ደንግጬ ነው ብትልም ሙና ታምናታለች፤ ሙና የሚነገራትን ሁሉ ታምናለች። እሷ ካልነገረች ማንም ሊደርስበት የማይችል እውነት አንድ ብቻ ነበር የቀረው።

«አንቺ ከኋላ እንዳለሽ ስለማውቅ ነው» አለች። «እንደምትቆሚ ስለማውቅ።»

ሙና ሻርፗን አጠበቀችና ፊቷን ወደ አቀበቱ መለሰች። ፉጨቱ ተነፋ፤ ሄደች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ፍቅርተ መስመሩ ላይ ብቻዋን ቆመች። ትናንት ያጨበጨቡላት እጆች አሁን ተጣጥፈዋል፤ ከኋላ የሆነ ልጅ ስሟን ጠርቶ አንድ ነገር ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ሹራቧን ለብሳ ቤቷ ብትገባ የሚከለክላት አልነበረም። መምህር ይሻው አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ይላሉ። ሙና የመጀመሪያውን አቀበት አጋምሳለች፤ ጠንክራ ነው የምትሮጠው፣ እንደዚያ ስትሮጥ አይታት አታውቅም።

ፊቷ እየነደደ፣ ዓይኗን ከሙና ጀርባ ላይ ሳታነሳ፣ ፍቅርተ ተነሳች።