ለአረንጓዴው ያጨበጨበችው ሴት

መጀመሪያ ያየኋት ለገዛ ቤቷ መፍረስ ስታጨበጭብ ነው።

ጊዜው 2010 ዓ.ም. ጥር ነበር። የነገሌ አዲሱ የከተማ ፕላን ለነዋሪው የሚታይበት ስብሰባ ተጠርቶ አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው አቶ ጃታኒ «ናጋ ቡልተኒ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ከፈቱ፤ «ናጋ» አልን። ቀጥሎ ረሆቦት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ግድግዳ የሚሸፍን ካርታ ሰቅላ ስለ እግረኛ መንገድ፣ ስለ ዛፍ፣ ለልጅ ልጅ ስለሚተርፍ ከተማ ተናገረች። በመጨረሻ በላጋው ዳር ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች በዘንግ አመለከተች። ላጋ የምንለው በበጋ ደረቅ ሆኖ ዝናብ ሲጥል የሚሞላውን ወንዝ ነው።

«ይህ ሰፈር አረንጓዴ ቦታ ይሆናል» አለች።

የሰፈሩ ሰዎች አጨበጨቡ። የቆላ ሰው አረንጓዴ ሲባል የሚታየው ዝናብና ሣር ነው። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ናት። ዞር ብላ ለጎረቤቷ ሳቀች። ሳቋን አየሁ። ካርታውንም አየሁ። ደነገጥኩ።

እኔ ኃይለማርያም እባላለሁ። በጦሩ መሐንዲስ ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ መሬት እለካለሁ፣ ካርታ አነባለሁ። ጦሩ በ1983 ሲበተን እዚሁ ቀርቼ ለግንበኞች መሠረት እየቀየስኩ ኖርኩ። ባለቤቴ ከሞተች ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ብዙ አልናገርም። የዚያን ቀን ግን ጎንበስ አልኩ።

«እመቤት፣ አያጨብጭቡ።»

«ለምን?»

«በካርታ ላይ አረንጓዴ ማለት ቤት የሌለበት ማለት ነው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እኛስ?»

«ትነሳላችሁ።»

ብድግ አለች። «አቶ ጃታኒ፣ እኚህ ሰውዬ ምንድን ነው የሚሉት?»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። አቶ ጃታኒ መሐንዲሷን አዩ። መሐንዲሷ አንገቷን ደፋች።

«ልክ ናቸው» አለች። «ቦታው የጎርፍ መውረጃ ነው። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል።»

ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ። ሴትዮዋ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች።

«እንግዲህ ደስ ይበልዎት» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። እሷው ናት። አብሯት ከአሬሮ ፍየል እያመጣ የሚነግደው ጎረቤቷ አብዱልሃሚድ አለ።

«ተናኘወርቅ እባላለሁ» አለች። «ለወታደሩ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ተቆጥቼ ነው።»

«አልቀየምኩም።»

አብዱልሃሚድ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ሃምሳ አለቃ፣ ካርታ የሚያነብ ሽማግሌ ከእርስዎ ሌላ የለንም። ሰፈሩን ይለኩና ውሃ አይደርስበትም ብለው ይመስክሩልን። አቶ ጃታኒ እርስዎን ያምናሉ።»

«ካልደረሰበት እመሰክራለሁ» አልኩ።

ለአራት ቀን ለካሁ። የሜትሩን ጫፍ የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።

«ጠበቅ ያድርጉት» እላታለሁ።

«ከዚህ በላይ ከጠበቀ ተጎትተው እኔ ላይ ይወድቃሉ።»

ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላውቅም። አብዱልሃሚድ በአጥር በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ «ይሄ ሰፈር ትንሽ መስሎኝ፤ ለካ ተለክቶ አያልቅም» አለ። እሷ ጠጠር ወረወረችበት። እኔ ቁጥሩን ሁለቴ ጻፍኩት። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ቁጥር ይምታታብኛል ብዬ አላሰብኩም።

በአራተኛው ቀን ቤቷ ገባሁ። አልጋው በጡብ ከፍ ብሏል። የስፌት ማሽኑ ያለበት ጠረጴዛም በጡብ ላይ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን በአበባ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሜትሩን ላስጠጋ ጨርቁን ገለጥ አደረግሁት።

ግድግዳው ላይ የደረቀ ጭቃ መስመር አለ። ሌላውን ግድግዳ ገለጥኩ። ያው መስመር ነው። ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እርጥበት ነው።»

«እርጥበት በአራቱም ግድግዳ አንድ ልክ አይቆምም።»

ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው።

«ውሃው እዚህ ድረስ ሲመጣ የት ነው የሚተኙት?»

«አልተኛም። ጫማዬን አስሬ ጠረጴዛው ላይ ከማሽኔ ጋር እቀመጣለሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለአራት ቀን ስንሳሳቅ የነበረው በዚህ ቤት ደጅ ነው።

«ሰው ያውቃል?»

«ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። ማንም አይናገርም። ተናግረን የት እንሄዳለን?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህን ቤት ባለቤቴ በእጁ ነው የሠራው። እሱ የለም። ልጅ የለኝም። ከፈረሰ ሁለተኛ የሚሠራልኝ ሰው የለም። እባክዎ... አላየሁም ይበሉ።»

መልስ አልሰጠኋትም። ዝምታዬን እሺታ አደረገችው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ የካቲት ላይ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ከፊት ተደርድሯል። እሷ አዲስ ነጠላ ለብሳ መሃል ላይ ተቀምጣለች። አቶ ጃታኒ ጠሩኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ለክተዋል። ውሃው ቤቶቹ ጋ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?»

አየችኝ። ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ለማቆየት የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ ጫማዋን አስራ ስትቀመጥ ታየችኝ።

«ይደርሳል» አልኩ። «አንድ ሜትር ከአሥር።»

አብዱልሃሚድ ተነስቶ፣ «ሸጡን» አለ። ሌላው፣ «ማን ላከዎት?» አለኝ። እሷ ቀስ ብላ ቆመች።

«ቤቴ ያስገባሁት ሰው መስሎኝ ነበር» አለች። ወጣች።

ለሦስት ወር ባየችኝ ቁጥር መንገድ ቀየረች።

የዚያ ዓመት የሚያዝያ ዝናብ ሰፈራችንን ዘለለው። ሻኪሶ ዘነበ፣ ቦሬ ዘነበ ይባላል፤ እኛ ጋ ደመናው መጥቶ መጥቶ ይሄዳል። ላጋው ደርቆ ፍየል ተኛበት። ሰዎች ሲያገኙኝ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ጎርፉ ደህና አደረ?» ይሉኛል። እኔም «ደህና» እላለሁ። የሰፈሩን ሰው ቤት አሳጥቼ ለማሳየት የምችለው አንድ ጠብታ ውሃ አልነበረኝም። ካስፈለገ እሷም እውነት አይደለም ብላ እንደምትምል ገመትኩ።

ግንቦት መጨረሻ የምትክ ቦታ ምዝገባ በዚያው አዳራሽ ተደረገ። ሰው እንዳያየኝ ከበሩ ጥግ ቆምኩ። የሄድኩት ምትክ ቦታውን እንዳይከለክሏት ሰግቼ ነው። መዝጋቢው ተውፊቅ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ይጠይቃል።

«ስም?»

«ተናኘወርቅ።»

«የቤተሰብ ብዛት?»

«ሁለት።»

ተውፊቅ ቀና አለ። «እዚህ አንድ ነው የሚለው።»

«ሁለት ብለህ ጻፍ።»

«ሁለተኛው ማን ነው?»

በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች። «ያ ጥግ ላይ የቆመው ሽማግሌ።»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። በጦር ሜዳ ብዙ ደንግጫለሁ፤ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም።

«እትዬ፣ ሰፊ ቦታ ለማግኘት ከሆነ—» አለ ተውፊቅ።

«የቦታውን ስፋት አትንካው።»

«የጋብቻ ወረቀትስ?»

«ጋብቻ የሚመዘገበው ቀጥሎ ባለው ክፍል አይደል? ከዚህ ስንወጣ እንገባለን። እሱ እሺ ካለ ነው።»

አብዱልሃሚድ፣ «ለካ ሲለኩ የከረሙት ይሄን ነው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ እሷ ሄድኩ።

«ተናኘወርቅ፣ ተቀይመሽኝ አልነበረም?» አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ተቀይሜ ነበር።»

«ዝናቡ እኮ አልመጣም። ውሸታም ነው የሚሉኝ።»

«አልመጣም።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። «ደመና ባየሁ ቁጥር ግን ጫማዬን አስሬ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲያ ኖሬያለሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ይወዱኛል፤ ግን የት ነው የምትተኚው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንተ ጠየቅከኝ። ጠይቀህም ዝም አላልክም።»

ተውፊቅ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው። «ሃምሳ አለቃ፣ ልጻፍ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ጻፈ።

ቦታው በሻኪሶ መንገድ በኩል፣ ከፍታ ላይ ደረሰን። በማግስቱ ችካልና ገመድ ይዘን ሄድን። የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ።

«መሠረቱን ስንት ታነሳዋለህ?»

«የፈለግሽውን ያህል።»

«የፈለግሁትን አይደለም የጠየቅሁህ።»

መሬቱን አየሁት። «ስልሳ ሳንቲ ይበቃል።»

«ስልሳ ይሁን» አለች።

በኅዳር ገባንበት። አልጋው ያለ ጡብ፣ መሬት ላይ ነው ያለው።