የሰባት ዙር ማዶ

«ከዚህኛው ጠጥተሻል?» አለች ሀሚዳ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች።

ዮዲ የጉዞውን መንገድ የጻፈችበትን ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፋ መጨረሷ ነበር። እሁድ የትምህርት ቤታቸው የብስክሌት ክበብ ሃያ ሁለት ልጆች ይዞ ከጭሮ ተነስቶ በገጠሩ መንገድ በደሳ ከተማ ይገባል። በዋናው አስፋልት የጫት መኪና እንደ ጥይት ስለሚወረወር ቲቸር ብሩ «ሌላ መንገድ የሚያጠና ማነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ዮዲ ናት ቀድማ እጇን ያወጣችው። የሀሚዳ እጅ እስከ ትከሻዋ ደርሶ ነው የተመለሰው።

የሀሚዳ ጣት ያረፈበት መስመር እንዲህ ይላል፦ «27ኛው ኪሎ ሜትር፣ የእጅ ፓምፕ አለ። ሁሉም ኮዳውን ይሞላል።»

«አዎ ጠጥቻለሁ» አለች ዮዲ። «እንዴት እንደሚቀዘቅዝ! እጅ ያደነዝዛል።»

«ስንት ሰዓት ላይ ደረስሽ?»

«ስድስት ሰዓት ገደማ። ምነው?»

ሀሚዳ ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች። «እንዲሁ ነው» አለችና ሻርፗን አስተካክላ ወደ ክፍል ገባች።

ዮዲ ባለችበት ቆማ ቀረች። የሀሚዳ ቤተሰቦች በዚያው በገጠሩ መንገድ ላይ እንደሚኖሩ ታውቃለች። ሀሚዳ ጭሮ ውስጥ ከወንድሟ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። በወንድሟ ከባድ ብስክሌት ነው የምትለማመደውም። ዮዲ ግን አምስት ዓመት ሀዋሳ አክስቷ ዘንድ ተምራ ስትመለስ ቀጭን ጎማ ያላት፣ እንደ ላባ የምትቀል ኮርሳ ይዛ ነው የመጣችው። ልጆቹ «ሀዋሳ» ይሏታል። «ሀዋሳ፣ እዚህ እኮ ሜዳ የለም! ዳገቱን በሐይቅ ዳር ፍጥነት ልትወጪው ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። እሁድ ሁሉንም ከፊት እየመራች በደሳ ስትገባ ያን ጊዜ ዝም ይላሉ ብላ አስባ ነበር።

ፓምፑን ግን አላየችውም።

ባለፈው ቅዳሜ የሄደችው እስከ ሰባት ዙር ጫፍ ድረስ ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ የሚጠመዘዘውን ያንን ዳገት ወጥታ ስትጨርስ ጉልበቷ ከድቷት ነበር። የኋላ ጎማዋም መተንፈስ ጀምሮ ነበር። ማዶውን ብታይ ኮረብታ ከኮረብታ ጀርባ፣ ከዚያም ሌላ ኮረብታ። ተመለሰች። የቀረውን ከስልኳ ካርታ ላይ ሞላችው። ካርታው ላይ ትንሽ ሰማያዊ የውሃ ምልክት ነበረች።

ቲቸር ብሩ ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ጎማችሁ ያልረገጠውን መንገድ አትጻፉ። ያልረገጠው ሰው አይመራም።»

ያን ቀን «እንዲሁ ነው» የምትለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለች። ሀሚዳ ብትሳደብ፣ ብትጨቃጨቅ ይሻላት ነበር። ማታ እራት ላይ ወስና ጨረሰች። ነገ ቅዳሜ ነው። ሄዳ ትረግጠዋለች። ሄዳ ትጠጣለች። ያኔ ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል።

ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጥታ ነበር። ሰባት ዙርን በዝቅተኛው ማርሽ፣ መዞሪያዎቹን እየቆጠረች ወጣችው። አምስተኛው ላይ እግሯ ሊወርድ ፈለገ፤ አላወረደችውም። ጫፉ ላይ ደርሳ ሳትቆም ማዶ ተሻገረች።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ካርታው ያልነገራት መንገድ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ልቅ ጠጠር ስለነበር ሁለቱንም ፍሬን ይዛ በቀስታ ወረደች። ቁልቁለቱ ሳያልቅ ዳገት ይቀበላታል፣ ዳገቱ ሳያልቅ ሌላ ቁልቁለት። ግራና ቀኙ የደረቀ የማሽላ አገዳ፣ በእርከን የተተከለ ጫት፣ እዚህም እዚያም አቧራ የለበሰ ቁልቋል። አንድ የተሰበረ የውሃ መውረጃ ድልድይ አጠገብ ወርዳ ብስክሌቷን ተሸክማ አለፈች። ስልኳ ላይ «እዚህ ላይ ውረዱ» ብላ ጻፈች። በዚህች አንዲት ቃል፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ደስ አላት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፓምፑ ጋ ደረሰች።

መጀመሪያ ያየችው ጀሪካን ነው። ቢጫ ጀሪካኖች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ከፓምፑ እስከ መንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። ባለቤቶቹ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት የፓምፑን እጀታ አምስት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው ይተዉታል፣ ውሃው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። አንገታቸው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ኮቱ፣ ኮቱ!» አሉ ዮዲን ሲያዩ፣ በእጃቸውም ጠሯት። «ነይ ልጄ! ፊትሽ በርበሬ መስሏል!»

«ደህና አደሩ እማማ። ወረፋ አለ፣ እጠብቃለሁ።»

«ምን ወረፋ? እንግዳ ወረፋ የለውም!» ከሥር የነበረውን ጀሪካን ወደ ጎን ገፋ አደረጉላት። «ሳህሊቱ እባላለሁ። የዚህ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ጠጪ!»

ዮዲ በመዳፏ ተቀብላ ጠጣች። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። ብረት ብረትም ይላል።

«በጋ ነው» አሉ ሳህሊቱ፣ ስለ ጣዕሙ ይቅርታ የሚጠይቁ ያህል። «ጠዋት ሦስት ሰዓት እከፍታለሁ፣ አምስት ሰዓት እቆልፋለሁ። ውሃው ከታች እስኪሰበሰብ እስከ አስር ሰዓት አይነካም።»

ዮዲ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ስድስት ሰዓት ገደማ፣ እጅ ያደነዝዛል ብላለች። ሀሚዳ ያን ጊዜውኑ ነው ያወቀችው።

«እማማ ሳህሊቱ፣ ነገ... ነገ በስድስት ሰዓት ሃያ ሁለት ተማሪዎች በብስክሌት በዚህ ያልፋሉ። ውሃ እንሞላለን ብለን ነበር።»

ሳህሊቱ ወደ ጥላው ዞረው በኦሮምኛ አስረዱ። ሴቶቹ ተያዩ። ማንም አላጉረመረመም።

«ይምጡ» አሉ ሳህሊቱ። «እከፍትላቸዋለሁ። የተጠማ ሰው ይመለሳል እንዴ? ነውር ነው!»

«ለናንተስ ይበቃል?»

«ትናንት የመጨረሻዎቹ አራቱ ባዷቸውን ተመለሱ» አሉ፣ ስለ ደመና እንደሚያወራ ሰው። «ነገ ደግሞ አላህ ያውቃል።» በአገጫቸው የሰልፉን ጭራ አሳዩአት። «ያቺን ቀይ ጨርቅ የታሰረባትን ጀሪካን አየሻት? ባለቤቷ ትናንትም ከአራቱ ነበረች። ልጇ ጭሮ ትማራለች፣ ሀሚዳ። ታውቂያት ይሆን?»

ከጥላው ሥር አንዲት ቀጭን ሴት የልጇን ስም ሰምታ ፈገግ አለች፣ እጇንም አነሳች። ዮዲም እጇን አነሳች። ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

ስትመለስ ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። አንገቷን ደፍታ እየገፋች አሰበች። አሁን ሁሉም ነገር እውነት ሆኗል። ጎማዋ ረግጦታል፤ ፓምፑ አለ፤ ባለቁልፏ ፈቅደዋል። ከወረቀቱ አንዲት ቃል ሳትፋቅ እሁድን ከፊት ልትመራ ትችላለች። ሴቶቹም ለተማሪዎቹ ይስቁላቸዋል፣ «ጠጡ» ይሏቸዋል፣ ከዚያም ባዶ ጀሪካናቸውን እያንኳኩ ይመለሳሉ።

ሰባት ዙርን ስትወርድ አንድ ጊዜ እንኳ ፍጥነት አላማራትም።

ሀሚዳ ከተከራዩት ቤት በር ላይ ተቀምጣ የብስክሌቷን ሰንሰለት ዘይት ትቀባ ነበር። ቀና ብላ አቧራ የሸፈናትን ዮዲን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ዱቄት ፋብሪካ ገብተሽ ነው?»

«እናትሽ ሰላም ብላሻለች።»

የሀሚዳ እጅ ሰንሰለቱ ላይ ቆመ።

«ትናንት ዋሽቼሻለሁ» አለች ዮዲ። «ከሰባት ዙር አላለፍኩም ነበር። ዛሬ ነው የደረስኩት። ውሃው ደግሞ ሙቅ ነው።»

«አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ቀድቻለሁ እኮ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ለቲቸር ብናገር ቀናች ትሉኝ ነበር። አንቺ ነሽ መጀመሪያ እንዲህ የምትይኝ።» ሀሚዳ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ወላሂ በጣም ነው የናደድኩት። መንገዴ ነው። እንቅልፍ ይዞኝ እንኳ እሄደዋለሁ።»

እውነት ነው፣ ዮዲ ቀናች ትላት ነበር።

«ነገ አንቺ ምሪ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ቲቸር ብሩ ጋ ሄጄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ውሃ ከዚሁ ይዘን እንወጣለን።»

«ሰው በያዘው ኮዳ በደሳ ይደርሳል? ማዶውን አይተሽዋል አይደል? የሚከተለን የቲቸር ሞተር ደግሞ መለዋወጫ ብቻ ነው የሚችለው።»

«ያንቺ ብስክሌት መጫኛ አለው። ጀሪካን ይችላል።»

«ውሃ ተሸክሜ ልምራ? አቦ ተይኝ!»

«አንቺ አይደለሽም። አንቺ የኔን ኮርሳ ትይዣለሽ። እኔ ያንቺን ይዤ ከኋላ እመጣለሁ። ኮዳው ያለቀበት ቆሞ ይጠብቀኝና ይሞላል።»

ሀሚዳ ሳቀች። ከዚያ ዮዲ እንዳልሳቀች አየች። «ሃያ ሊትር ይዘሽ? ሰባት ዙርን? ሀዋሳ፣ አብደሻል!»

«ምናልባት ሦስት ጊዜ እወርድ ይሆናል።»

«ልጆቹስ? በደሳ ስትገቢ ምሳ በልተው ተኝተው ነው የምታገኚያቸው። እስከ ሰኔ ነው የሚስቁብሽ።»

«ይሳቁ።»

«ቲቸርስ ጭራሽ አትሄጅም ቢሉሽ?»

ዮዲ ይህንን መንገድ ላይ አስባበት ነበር። «ያኔ ጀሪካኑን መጫኛው ላይ አስሬልሽ እቀራለሁ። ማን እንደሚገፋው ትመርጫለሽ።»

ሀሚዳ ገብታ የወንድሟን ጀሪካን ከነውሃው አወጣችው። ሁለቱ ተጋግዘው አንስተው መጫኛው ላይ በላስቲክ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ዮዲ ወጥታ ስትቀመጥ ብስክሌቱ እንደ ሰነፍ በቅሎ ወደ ጎን አዘመመ፤ ሀሚዳ ኮርቻውን ይዛ አቃናችላት።

«ግማሹን እናፍስሰው?»

«አይሆንም። ነገ ሙሉ ነው።»

የቲቸር ብሩ ቤት ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሀሚዳ በኮርሳው ላይ አንድ ጊዜ ተወላግዳ፣ ቶሎ ሚዛኗን ይዛ ወደፊት ተፈተለከች። ዮዲ ከኋላዋ፣ መጫኛው ላይ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተንቦጫረቀ፣ ጥርሷን ነክሳ ዳገቱን ጀመረች።